ደበሬ የተሰጠች ጥንቸል

መቱ፣ በነሐሴ ዝናብ መሃል

ለእህቴ ልጅ፣

ይህ ደብዳቤ በመንገዱ ጭቃ ሳይዘገይ ኡካ ድረስ እጅሽ እንዲገባ እመኛለሁ። እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽ ዲንቃስ እንደምን አለ? ያ ጉንፋኑ ለቀቀው? እኔ ከጥንቸልሽ በቀር ደህና ነኝ። ሌላ ሰው ቢሆን «ከናፍቆትሽ በቀር» ብሎ ይጽፍ ነበር፤ እኔ ግን ለናፍቆት ጊዜ የለኝም። ጠዋት የምነሳው ለሻሼ ነው፤ ማታ የምተኛውም ሻሼ ስትፈቅድልኝ ነው።

ለምን በስልክ አልነገርከኝም ትዪ ይሆናል። በስልክ ስነግርሽ መሃል ላይ ትስቂያለሽ፤ ከዚያ «ጋሼ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው» ትዪና ትጠፊያለሽ። ወረቀት አይቆራረጥም። ደግሞም ይህን በጽሑፍ እንዳደርስሽ ታዝዣለሁ። ማን እንዳዘዘኝ ኋላ እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ ግን ላማርር።

ሻሼ አርጅታለች። አንቺ የምታስታውሻት፣ አልጋ ሥር ገብታ የሰው የጫማ ማሰሪያ የምትበጣጥሰዋን ነው። ያቺ የለችም። አሁን ያለችው ግራ ዓይኗ ወተት የመሰለ፣ ቀኙ ብርሃንና ጨለማ ብቻ የሚለይ፣ የኋላ እግሮቿ ከሥር የቆሰሉባት አሮጊት ናት። ስትቆጣ ግን ያ ቁስል ትዝ አይላትም፤ ወለሉን በእግሯ ትደበድበዋለች። ማየት ስላቃታት ቤቱን በቃሏ ይዛዋለች። በርጩማው የት እንዳለ፣ ውሃዋ የት እንዳለ፣ የአልጋዬ እግር የት እንደቆመ ሸምድዳለች። ስለዚህ በገዛ ቤቴ ዕቃ ማንቀሳቀስ ተከልክያለሁ። ባለፈው በርጩማውን ወደ መስኮቱ ጠጋ ባደርገው ሄዳ በአፍንጫዋ ገጨችውና ቀኑን ሙሉ ጀርባዋን ሰጥታኝ ዋለች። ሚስት አግብቼ ቢሆን እንኳ ይህን ያህል የሚያኮርፈኝ አላገኝም ነበር።

ሌሊት ደግሞ ይበርዳታል። ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቼ በጨርቅ ጠቅልዬ አጠገቧ አስቀምጣለሁ። እኔ ራሴ እግሬ በረዶ ሆኖ ነው የማድረው። ጠርሙሱን አንድ ቀን ለራሴ ብወስደው እስኪነጋ ወለሉን ስትደበድብብኝ አደረች።

ጥርሷማ ሌላ ጉድ ነው። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋል፤ ደረቅ ሣር እያኘከች ካልሞረደችው አፏ ውስጥ ይጣመማል። ይህን ያወቅሁት ምግብ እምቢ ስትል ነው። በካርቶን አድርጌ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ወሰድኳት። በሬና በቅሎ ተሰልፏል። ከዳሪሙ ወረዳ በሬውን ነድቶ የመጣ አንድ ገበሬ ካርቶኑ ውስጥ አጮልቆ አየና «ይህቺ ምን ታርስልሃለች?» አለኝ።

«የቤቴን ወለል» አልኩት።

«ሥጋዋ ይበላል እንዴ?»

«ለጊዜው የምትበላው እሷ ናት፤ እኔን።»

ሰውየው ካርቶኑንና እኔን ተራ በተራ አየና በሬውን ትንሽ ፈቀቅ አደረገ።

ሐኪሙ ነመራ ይባላል። ወይፈን ጠልፎ የሚጥል ጎረምሳ ነው፤ ሻሼን ሲይዝ ግን እንቁላል የያዘ ይመስል ነበር። ጥርሷን ከረከመላት፣ እግሯን ቀባላትና «ጋሼ፣ ደረቅ ሣር ይስጧት፤ እርጥቡ ሆዷን ይነፋታል። ካሮትም ይቀንሱ» አለኝ።

«አንተ ልጅ፣ የት ነው የምትኖረው?» አልኩት።

«እዚሁ መቱ።»

«ታዲያ በመቱ ክረምት ደረቅ ሣር አይተህ ታውቃለህ?»

እዚህ አገር በነሐሴ የሰው ሐሳብ እንኳ አይደርቅም። ስለዚህ ሣሩን ከመኝታዬ ጋር በተያያዘው ሱቄ ውስጥ፣ ሬዲዮ በምጠግንበት ጠረጴዛ ላይ፣ አምፖል ሥር አሰጣዋለሁ። ሬዲዮ መጠገን ማንም አላስተማረኝም፤ እየፈታሁ እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። ሣር ማድረቅንም እንደዚያው ለመድኩ። ደንበኞቼ ግን አልለመዱልኝም። አንዱ ሬዲዮውን መልሶ አመጣና «ዜናው ሣር ሣር ይሸታል» አለኝ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር፣ እናትሽ ብትተወኝ።

አንቺ ሽማግሌ ሳይላክብሽ ከዲንቃ ጋር ማዘጋጃ ቤት ሄደሽ ተፈራርመሽ ኡካ ከገባሽ ወዲህ እናትሽ ስምሽን ጠርታ አታውቅም። ጥንቸሏንም ሱቄ በር ላይ አስቀምጣ «ይህቺን አይጥ ወዲያ አድርግልኝ፤ ያቺ ጥላት የሄደችው ናት» ብላኝ የሄደችው ያኔ ነው። «ያቺ» አንቺ ነሽ። እስከዚህ ድረስ ታውቂያለሽ። የማታውቂው ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው። «አይጥ» ያለቻትን ለማየት በየጠዋቱ ትመጣለች። ላያት መጣሁ አትልም፤ «ጨው አለህ?» ብላ ነው የምትገባው። ጨው ብሰጣትም አትወጣም። ጎንበስ ትልና «ከስታለች» ትላለች።

«እትዬ፣ ወፍራለች። ሐኪሙ ምግብ ቀንስ ብሎኛል።»

«ሐኪሙ የወለዳት ይመስል» ትለኛለች።

ካሮት በፌስታል ደብቃ ታመጣለች። ተከልክሏል ስላት «ለአንተ ነው ያመጣሁት» ትላለች። ካሮት ጠልቼ እንዳደግሁ የምታውቀው እሷው ናት። ለሻሼ ቁስል የሚሆን ለስላሳ ነገር ይነጠፍላት ቢባል ደግሞ የትምህርት ቤት ሹራብሽን ይዛ ከች አለች። ያንን ሰማያዊውን፣ ከሌላው ልብስሽ ጋር አቃጠልኩት ብላ በሰፈሩ ያስወራችውን። ምንም አልተናገርኩም። አትሳቂ፤ አንዳንዴ እኔም ዝም ማለት እችላለሁ።

ብቻ መረረኝ። በሁለት አሮጊቶች መካከል ተይዣለሁ፤ የአንዷ ጆሮዋ ረጅም፣ የሌላዋ ምላሷ ረጅም። ስለዚህ ተንኮል አሰብኩ።

ኦቦ ጎንፋን ታስታውሻቸዋለሽ፤ በከብት የተጣላ ሁሉ ደጃቸው የሚሄደውን ሽማግሌ። እሳቸው ዘንድ ሄጄ እናትሽን ከሰስኳት። «እህቴ ደበሬ የተቀበለችውን እንስሳ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እኔ ላይ ጥላለች» አልኳቸው። ደበሬን ለአንቺ አላስተምርም። ላም ያለው ለሌለው ይሰጣል፤ ጠባቂው ወተቷን ይጠጣል፤ ላሟ ግን የባለቤቷ እንደሆነች ትኖራለች፤ ብትሞት እንኳ ቆዳዋን ወስዶ ያሳያል። እኔም «ወተቴስ የት አለ?» ብዬ ልጨምር ነበር። ኦቦ ጎንፋ ይስቃሉ፣ ወሬው ይወራል፣ እናትሽ ታፍርና ጥንቸሏን ትወስድልኛለች ብዬ ነው። እሳቸው አልሳቁም። ከዘራቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩና «እሑድ ሁለታችሁም ኑ። እንስሳዋንም ይዘሃት ና» አሉኝ።

እናትሽ መንገዱን ሁሉ ስትሰድበኝ ሄደች። «ከአባታችን ልጆች ያበድከው አንተ ብቻ ነህ» እያለች። የኦቦ ጎንፋ በረንዳ ላይ ስትደርስ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። ሻሼ በካርቶኗ ውስጥ ሆና መሃላችን ተቀመጠች።

«እንስሳዋ የማን ናት?» አሉ።

«የእሱ» አለች እናትሽ።

«የእሷ» አልኩ እኔ።

«መጀመሪያ እቤት ያመጣት ማን ነው?»

እናትሽ የነጠላዋን ጥለት ስታጥፍና ስትዘረጋ ቆየችና «ያቺ ናት» አለች።

«ያቺ የሚባል ሰው አላውቅም። ደበሬ ያለ ባለቤት አይዳኝም። ስሟን ጥሪልኝና ልፍረድ፤ ካልሆነ ተነሱና ሂዱ።»

በቃ፣ አለቀ ብዬ ካርቶኑን ላነሳ ስል እናትሽ ስምሽን ጠራች። ከነአባትሽ ስም። ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የቆየ ሬዲዮ ሲከፈት መጀመሪያ ይንኮሻኮሻል፤ ድምፁ የሚጠራው ቆይቶ ነው። የእናትሽም ድምፅ እንደዚያ ነበር የወጣው። ጉሮሮዋን ጠራረገችና «የልጄ ናት» ብላ ጨመረች። ሻሼ ስምሽን ሰምታ ጆሮዋን አቆመች ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ይልሽ ነበር፤ ግን ተኝታለች።

«ዱጋ ነው፤ እውነቱ ይህ ነው» አሉ ኦቦ ጎንፋ። «እንግዲህ ስሙኝ። ደበሬ የተሰጠ እንስሳ አረጀ ተብሎ ሌላ ሰው ላይ አይጣልም፤ ለባለቤቱ ነው የሚመለሰው። ይህቺ ባለቤት ደግሞ ባል አላት። ባል ያላት ሴት ከብቷን ልትረከብ ብቻዋን አትመጣም። ባሏ ሽማግሌ ይዞ ይምጣ። ስላቆያችሁለት ያመስግን፤ ያጠፋው ካለም ያኔውኑ ይቅርታ ይጠይቅ። ይህንንም ወንድምሽ በጽሑፍ ያድርሳት።»

«ለጥንቸል ሽማግሌ?» አለች እናትሽ።

«ለልጅ ካልተላከ ለጥንቸል ይላካ» አሉ።

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። ካርቶኑን ራሷ ተሸክማ ወጣች፤ እኔ ባዶ እጄን ከኋላ ተከተልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ተንኮለኛ ነኝ እያልኩ ስኩራራ ኖሬ፣ ለካ ኦቦ ጎንፋ ገና በበራቸው ስገባ አንብበው ጨርሰውኛል። ጥንቸሏን ወደ ቤቷ የወሰደቻት እንዳይመስልሽ። እኔው ሱቅ ድረስ አምጥታ አስቀመጠችልኝና «ባለቤቷ እስክትመጣ» ብላ ሄደች። ያተረፍኩት ይህን ነው።

እንግዲህ ትእዛዙ ደርሶሻል። ኡካ ጨረቃ ላይ አይደለችም፤ በጠዋት መኪና ከያዛችሁ ምሳ እዚህ ትበላላችሁ። ዲንቃ አፍራለሁ ካለሽ፣ አጎቴ ለጥንቸሌ ሲል ከበሬ ጋር ተሰልፏል በይው። ሽማግሌዎቹ ስለ ጥንቸሏ ይጀምሩ፤ የቀረውን ኦቦ ጎንፋ ያውቁበታል። አንቺም በስልክ «ሻሼ እንዴት ናት?» ብለሽ ዝም ስትዪ ስለማን እንደምትጠይቂ የማላውቅ አይምሰልሽ። እኔ በመካከላችሁ የጥንቸል ወሬ ማመላለስ ታክቶኛል። ራሳችሁ ተጠያየቁ።

ስለ ጤናዋ፦ ነመራ በቅርቡ መጥቶ አይቷታል። ጥርሷ በየጊዜው ከተከረከመላት ሌላ ዓመትም ልትከርም ትችላለች ብሏል። ይህን ስጽፍ እናትሽ ከኋላዬ ቆማለች። ደግነቱ መነጽሯን ስላልያዘች ማንበብ አትችልም።

«ምን አልክ?» አለችኝ። ነገርኳት።

«እንደዚያ ብለህ አትጻፍ።»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«በጠና ታማለች በል። ለመስቀል አትደርስም በል።»

«እትዬ፣ ውሸት እኮ ነው።»

«ውሸት የጠላኸው ከመቼ ወዲህ ነው?» አለችኝ።

የታዘዝኩትን ልጻፍ። ሻሼ በጠና ታማለች። ለመስቀል አትደርስም። ቶሎ ካልመጣችሁ አታገኟትም። የዚህ ወረቀት ጥግ ለምን እንደጎደለ ከገረመሽ፣ የበላችው በሽተኛዋ ናት።

እናትሽ ሰላም በልልኝ አላለችም። ደብዳቤውን ለኡካው ሹፌር የማደርሰው ግን እኔ ነኝ ብላ፣ በዚህ ዝናብ ጫማዋን አድርጋ ጃንጥላዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። «አልጨረስክም?» እያለችኝ ነው።

መንገዱን ያድርቅላችሁ። ቤታችሁን የሰው እግር የማያጣው ያድርግላችሁ። ልጅ ይስጣችሁ፤ ጥንቸል ግን አይድገማችሁ። አሜን በይ።

የሻሼ ጠባቂ፣
አጎትሽ