የእትዬ ቀስ በይ ግራ ዓይን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታ ከማቅረቤ በፊት አንድ ክስ አለኝ። ባለፈው ደብዳቤሽ ውስጥ የላክሽልኝ ፎቶ ላይ የድመታችሁ ጅራት ተቆርጧል። ጆሮዋ አለ፣ ጢሟ አለ፣ አራት እግሯም አለ፤ ጅራቷ ብቻ ከፎቶው ውጭ ቀርቷል። ሦስት ቀን ሙሉ አኩርፌሻለሁ። የፎቶ አንሺ እህት ልጅ ሆነሽ እንስሳ ጎዶሎ ታደርጊያለሽ? መጀመሪያ ድመቷን ይቅርታ ጠይቂልኝ፣ ከዚያ ሰላምታዬን ትቀበያለሽ።

ጠየቅሽልኝ? እንግዲያው እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽስ? ያ የሙጥኝ ያለሽ ጉንፋን ለቀቀሽ? የእናትሽ ጉልበት እንዴት ሆነ፣ ደረጃ ስትወጣ አሁንም የምትረግመው እኔን ነው? አያትሽስ? እናቴ ዓይኗ ደህና ነው? ትበላለች? ትስቃለች? እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ አልፎ አልፎ ይይዘኛል እንጂ ምላሴ እንደምታውቂው ሙሉ ጤነኛ ነው። ባለቤቴም ደህና ናት፤ ስቱዲዮዬን አሁንም «ጎሬህ» ነው የምትለው።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አዲስ የገባሽበት ፎቶ ቤት አለቃሽ ፎቶሽን «ጥሬ ነው» አለሽ። አንዴ ሲጫኑት የሰውን ፊት እንደተላጠ እንቁላል የሚያለሰልስ ነገር ኮምፒውተሩ ላይ አለ፣ በእሱ ካልሠራሽ ሥራሽ ሥራ አይደለም አለሽ። አንቺም «አጎቴ፣ አንተ እንዴት ነው የምትሠራው?» ብለሽ ጻፍሽ። እኔን ማንም አላስተማረኝም፤ ስለዚህ ብሳሳት የምወቅሰው መምህር የለኝም። የምሠራው እንዲህ ነው።

ክፍሌን ታውቂያታለሽ። ፀሐይ በቀጥታ የማትገባበት አንድ ሰፊ መስኮት አለ፣ አጠገቡ የሚንቀጠቀጥ ወንበር፣ ከወንበሩ ወዲያ ደግሞ ብርሃኑን ወደ ፊት የሚመልስልኝ ነጭ ካርቶን። በቃ። ወንበሩን ሆን ብዬ ነው የማላስጠግነው። የሚንቀጠቀጥ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ስለ ወንበሩ እያሰበ ፊቱን ይረሳዋል። «ፈገግ በል» ብዬ አላውቅም። ስለ ሥራው እጠይቀዋለሁ፣ ያወራል፣ አነሳለሁ። የመጀመሪያዎቹ አሥር ፎቶዎች የእሱ ናቸው፤ ደረቱን ነፍቶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ አንገቱን እንደ ወታደር አቁሞ። አሥረኛው ላይ «አለቀ፣ አመሰግናለሁ» እለዋለሁ። እፎይ ብሎ ትንፋሹን ሲለቅ አሥራ አንደኛውን አነሳለሁ። እሷ የእኔ ናት። ማታለል ነው ካልሽኝ፣ አዎ ነው። እስካሁን ግን ደንበኞቼ መርጠው የሚወስዱት አሥራ አንደኛዋን ነው።

ኮምፒውተሩ ላይ የምሠራው ከዚህም ያንሳል። ያዘነበለውን አቀናለሁ፣ የጨለመውን ትንሽ አበራለሁ፣ ዳር ላይ የማይፈለግ ነገር ካለ እቆርጣለሁ። ጅራት ግን አልቆርጥም። ፊት ላይ ስደርስ አንድ ሕግ አለኝ፦ በሳምንት የሚጠፋውን አጠፋለሁ፣ በሳምንት የማይጠፋውን አልነካም። ብጉር፣ የትንኝ ንክሻ፣ ምላጭ የቧጨረው፣ እሱ ይሂድ። ጠባሳና የግንባር መስመር ግን የሰውየው ንብረት ነው። ይህን ካደረግሁ በኋላ ተነስቼ እወጣና ጎረቤቴን ጫማ ሰፊውን ትንሽ እነዘንዘዋለሁ። ስመለስ የነካሁት ቦታ ከታወቀኝ ግማሹን ወደነበረበት እመልሰዋለሁ።

ይህ ሕግ ከየት መጣ? እናንተ ሳሎን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የወንድ አያትሽ ፎቶ። ያን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ገና ጀማሪ ሳለሁ። አንቺ አልደረስሽበትም እንጂ አባቴ ፊቱ ሙሉ የፈንጣጣ ጠባሳ ነበር፤ ዝናብ የደበደበው አሸዋ ይመስል ነበር። እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን ፎቶው በሚታተምበት ፊልም፣ ኔጋቲቩ ላይ፣ በቀጭን እርሳስ ጠባሳ መድፈን ራሴን አስተምሬ፣ ዓለም ጠብባኝ ነበር። ዘጠኝ ቀን ተቀምጬ አንድ በአንድ ደፈንኩት። የከንቲባ ፊት አወጣሁለት። አባቴ አየውና «መልከ መልካም ሰው ነው፣ ማን ይባላል?» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። በዓመቱ አረፈ።

እናቴ ያን ፎቶ በክብር ሰቀለችው፤ እንግዳ ሲመጣ ታሳያለች። ግን ትራሷ ሥር የእሱን አሮጌ መታወቂያ ለምን እንደምታስቀምጥ ጠይቀሻት ታውቂያለሽ? እኔ አንድ ቀን በር ላይ ቆሜ ሰምቻታለሁ። የምታወራው ከመታወቂያው ጋር ነው። ጠባሳው ያለው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ከባሏ ፊት የቀራት ጥፍር የምታህል ፎቶ ናት፤ ሌላውን እኔ በእርሳስ ቀብሬዋለሁ። ይህን ለእናትሽ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።

ይህን ይዘሽ የሰሞኑን ወሬ ስሚ። እትዬ ቀስ በይ ጡረታ ወጡ። አዋላጇን ማለቴ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ምጥ የያዛትን ሴት ሁሉ «ቀስ በይ፣ ቀስ በይ» ሲሉ ስለኖሩ ሌላ ስማቸውን የሚያስታውስ የለም። ጤና ጣቢያው በአዲሱ ማዋለጃ ክፍል መግቢያ ላይ ፎቷቸውን ሊሰቅል ወሰነ፣ ሥራውም ለእኔ ተሰጠ። መጡ፣ ተቀመጡ። ወንበሩ ሲወዛወዝ «ይሄ ወንበር ምጥ ይዞታል፣ ሰው ጥራለት» አሉኝ። እጃቸውን የት እንደሚያደርጉ ቢጨንቃቸው፣ የመጨረሻውን ሕፃን እንዴት እንደተቀበሉት እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። አሥራ አንደኛዋ ላይ የተያዙት እንዲያ ነው፦ አየሩን ታቅፈው፣ የጣቶቻቸው አንጓ አብጦ፣ የግራ ዓይናቸው ቆብ እንደ ልማዱ ወደ ታች ወርዶ፣ በቀኙ ዓይን ብቻ ያን የሌለ ሕፃን እያዩት። በሕይወቴ ከዚያች የተሻለ ፎቶ አላነሳሁም።

የጤና ጣቢያው አስተዳዳሪ መጥቶ አያት። ልጅ እግር ነው፤ ሸሚዙ ላይ አንዲት ጭምዳድ አታገኚም። «ጋሼ፣ ቆንጆ ነው፤ ብቻ ትንሽ ያለስልሱልን» አለኝ። «አልጋ ልብስ ነው እንዴ የማለሰልሰው?» አልኩት። አልሳቀም። ዓይናቸውን ከፍ ማድረግ እንደሚቻል፣ ፊታቸውን ማጽዳት እንደሚቻል፣ እጃቸውንም ከሥር መቁረጥ እንደሚቻል ዘረዘረልኝ፤ «እናቶች ገና ከበሩ ሲገቡ ይፈራሉ» አለ። «እጃቸውን ከቆረጥነው በምን አዋለዱ እንበል?» አልኩት። ይኼኔ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እስከ ሐሙስ ካላስተካከልኩ ሥራውን ለባለ ሰሙ እንደሚሰጥ ነገረኝ፤ የሠራተኞቹንም የመታወቂያ ፎቶ ከእንግዲህ የሚያነሳው እሱ ይሆናል። የሥራዬ ግማሽ ያ መታወቂያ ነው። ባለ ሰሙ ከመንገዱ ማዶ ፎቶ ቤት የከፈተው ሰውዬ ነው፤ ከእጁ የሚወጣው ፊት ሁሉ ሻማ ስለሚመስል ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። እሱም እኔን «ሙዚየም» ይለኛል፤ አልተበላለጥንም።

አስቢው እስቲ። አንቺንም ከእናትሽ የተቀበሉሽ እሳቸው ናቸው። በዚህ ዓለም መጀመሪያ ያየሽው ፊት ያ ፊት ነው፣ ያን የወረደ ዓይን ጨምሮ። የዚህ ሰፈር ግማሽ ሰው መጀመሪያ ያየው እሱን ነው፤ አንድም ሕፃን ፈርቶ ወደመጣበት ሲመለስ አልሰማሁም። አሁን ግን ያስፈራል ተባለ። አላለሰልስም አልኩት። በሩን ዘግቶ ወጣ። እኔንም እልህ ያዘኝና ፎቷቸውን በቁመቴ ልክ አተምኩት፤ መንገድ ዳር ባለው መስታወት ላይ፣ ባለ ሰሙን ፊት ለፊት እንዲያዩት አድርጌ ሰቀልኩት። ከሰኞ ጀምሮ መንገደኛ ይቆማል። ጫማ ሰፊው ደንበኛ አበዛህልኝ ብሎ ሰላምታውን አሳምሯል። አንዲት አትክልት ሻጭ ቅርጫቷን መሬት አስቀምጣ ለራሷ «ሦስቱንም፣ በእነዚህ እጆች» ስትል ሰማሁ። ባለ ሰሙ መጋረጃውን ዘግቷል።

እንዲህ ደረቴን ነፍቼ ሳለሁ ባለቤቴ ምሳዬን ይዛ መጣች። ፎቶውን ከላይ እስከ ታች አየችና «እሳቸውን ጠይቀሃል?» አለችኝ። «ምን ብዬ?» አልኳት። «ፊትዎን መንገድ ላይ ልስቀለው ወይ ብለህ ነዋ። አንተ ራሰ በራህን በኮፍያ ሸፍነህ የምትነሳ ሰውዬ፣ የሰው ዓይን ላይ እንዲህ ጀግና የሆንከው ከመቼ ወዲህ ነው?» ብላ ሰሐኑን አስቀምጣልኝ ሄደች። እውነቱን ልንገርሽ፣ አልጠየቅኳቸውም። አባቴንም አልጠየቅኩትም ነበር። ያኔ በእርሳስ፣ አሁን በእልህ፣ በሰው ፊት ላይ አዛዡ ሁለቱንም ጊዜ እኔው ነኝ።

ስለዚህ ወስኛለሁ። ነገ ማልጄ ቤታቸው ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ። አውርደው ካሉኝ አወርደዋለሁ፣ ደስ አይለኝም ግን አወርደዋለሁ። አለስልሰው ካሉኝ ደግሞ ሌላ ሰው ይፈልጉ፤ በእኔ እጅ አይሆንም። አስተዳዳሪው መታወቂያውን ሁሉ ጠራርጎ ይውሰድ፣ ከዚያች ግንባር ላይ አንዲት መስመር አልሰጠውም። አንቺም ለአለቃሽ «ሰው ጥሬ ነው፣ ፎቶውም ጥሬ ነው» በይልኝ። ከዚያ በፊት ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ጠይቂው። እኔ ይህችን የተማርኳት ፀጉሬ ካለቀ በኋላ ነው።

እናትሽን ጉንጯን ግራና ቀኝ ሳሚልኝ፣ የጉልበትሽን ሕመም በእኔ አታሳብቢ በያት። አባትሽን እንዴት ነህ በይልኝ፤ የወሰደብኝን ጃንጥላ አልረሳሁም፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር አስታውሰዋለሁ። ታናሽ ወንድምሽ ቁመቱ በሩን አልፎ ከሆነ ጎንበስ ብሎ ሰላምታዬን ይቀበል። እናቴን ጉልበቷን ሳሚልኝና ጆሮዋ ላይ፣ የሳሎኑን ፎቶ አውርደሽ መታወቂያውን ብትሰቅዪው ልጅሽ አይቀየምም ብለሽ ንገሪያት። ለድመቷም ከነጅራቷ

ቆይ። መስታወቱ ጋ ሰው ቆሟል። እትዬ ቀስ በይ ናቸው። ፎቶውን ከተነሱ ወዲህ ወደዚህ ብቅ ብለው አያውቁም። እጃቸው ላይ ትልቅ ፎቶ ይዘዋል፤ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል፣ የእሳቸው ነው፣ ሰም ነው። ሁለቱ ዓይኖች እኩል ተበልጥጠዋል፣ እጅ የለውም። አስተዳዳሪው ሐሙስን እንኳ አልጠበቀም፤ ሥራውን ለባለ ሰሙ ሰጥቶታል። የሰቀልኩትን አንጋጠው እያዩት ነው፣ ፊታቸው ላይ ያለው ቁጣ ይሁን ሌላ አልለየሁትም። አሁን እጅጌያቸውን ሰብስበው መስታወቱን ጠረጉት፣ አቧራ የነበረበትን፣ ልክ ግራ ዓይናቸው ላይ። ትንሽ ራቅ ብለው ደግመው አዩ። ሞቋቸው መሰለኝ፣ የባለ ሰሙን ፎቶ ለሁለት አጥፈው እያራገቡበት ነው።

አንኳኩ። ይህችን ቆሜ ነው የምጽፍልሽ፤ ተስፈንጥሬ ስነሳ ወንበሩ ሊደፋኝ ነበርና በበሩ ስንጥቅ አይተውኝ «ቀስ በል» አሉኝ።

አጎትሽ

ከሰፊው መስኮት ሥር፣
ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ መጋቢት 9 ቀን