በጊዜ የታሰረ እግር

ለምወድህና ለምናፍቅህ ታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንዴት ከርመሃል? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል ያስጮህሃል? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትንሿ ጥርስ አወጣች ወይ? እኛ አለን። እማማ ጉልበቷን እያሸች፣ አባባ ዓይኑን እያሸ፣ እኔም ያችኑ እግሬን እየጎተትኩ ደህና ነን። ጫጩቶቹ ግን ደህና አልነበሩም። ስትደውል ከእኛ በፊት የምትጠይቀው እነሱን ስለሆነ ከእነሱው ልጀምርልህ።

ለአባባ የላክህለት የእንቁላል ማስፈልፈያ ማሽን ዕቃ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦለታል። ክዳኑን አትክፈት ብለህ በስልክ ለምነኸው ነበር አይደል? አባባ ግን እሳት ላይ እንደተጣደ ድስት እየከፈተ "ደረሱ እንዴ?" ይላል። እርጥበቱ ሁሉ ወጥቶ አለቀ። ብዙዎቹ ቅርፊታቸው ላይ እንደተጣበቁ ቀሩ፤ የተፈለፈሉትም እምብርታቸው ሳይዘጋ ወጡ። በዚያ ላይ ንጹሕ ይሁንላቸው ብሎ ካርቶኑ ውስጥ ጋዜጣ አነጠፈላቸው። ጋዜጣ ደግሞ ያንሸራትታል። ሊቆሙ ሲሞክሩ እግራቸው ግራና ቀኝ እየተበለቀጠ በሆዳቸው ተዘረጉ።

የእንስሳት ሐኪሙን አስጠራ። እኔ ትኩሳት ይዞኝ ስተኛ "ይተውሻል" የሚለው ሰውዬ ለጫጩት ሐኪም እቤት ድረስ አስመጣ! ሐኪሙ ጋዜጣውን አውጥቶ ጆንያ አስነጠፈ። እምብርታቸውን አዮዲን ቀባ። ኩሳቸው ደርቆ ቂጣቸውን የደፈነባቸውን ለብ ባለ ውሃና በጥጥ እንዴት እንደምናጥብ አሳየን። እግራቸው ለተበለቀጠው ደግሞ የቁስል ፕላስተር በቀጭኑ ቀዶ፣ ሁለቱን እግር አቀራርቦ አንዷን አስሮ አሳየን። "አጥንታቸው ገና ለጋ ነው፣ ቶሎ ይቃናል። በሦስተኛው ቀን ግን ፍቱላቸው፤ ከቆየ እግሩ እያደገ ሲመጣ ፕላስተሩ ሥጋቸው ውስጥ ይገባል" አለን።

የአባባ እጅ እንደምታውቀው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑም ቅርብ ያለውን አያይም። ስለዚህ አሳሪዋም ፈቺዋም እኔ ሆንኩ፤ የእሱ ሥራ መያዝ ነው። ጋሼ፣ አያያዙን ብታይ! በሁለት መዳፉ አቅፎ በትንፋሹ ያሞቃታል። "አይዞሽ የኔ እመቤት፣ አሁን ያልቃል፣ አይዞሽ" ይላታል። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። አንተ ታውቅ ነበር? እኔ "አንቺ!" የሚለውን ብቻ ነው የማውቀው። ቀናሁ። በጫጩት ቀናሁ ብዬ ስጽፍልህ አላፍርም።

እሁድ ዕለት ጡረተኛው ጎረቤታችን ሊጠይቁን መጡ። አባባ ካርቶኑን ተሸክሞ ወጣላቸው። የተፈቱት ጫጩቶች ምንም እንዳልነካቸው ወዲያ ወዲህ ይሯሯጣሉ። "እዩልኝ፣ እግር እኮ በለጋነቱ ከታሰረ ይቃናል። ምን ያህል ልፋት ነው? ባለቤቱ ችላ ብሎት ዕድሜ ልኩን ሲጎተት ማየት ግን ግፍ ነው፣ ግፍ!" አላቸው። እኔ ሻይ ይዤ ፊታቸው ቆሜያለሁ። ጎረቤታችን እግሬን አዩ፣ ወዲያው ደግሞ ዓይናቸውን ብርጭቋቸው ላይ ጣሉ። አባባ ጫጩቶቹን ነበር የሚያየው። የያዝኩትን ሻይ እጁ ላይ ልድፋበት ወይ ብዬ አሰብኩ። አልደፋሁትም፤ ስኳር ጨመርኩለት።

አንተ ያኔ ትንሽ ስለነበርክ ላታስታውስ ትችላለህ፤ እኔ ከእማማ ነው የሰማሁት። እግሬ ወደ ውስጥ ዞሮ ስወለድ አዋላጇ "አጥንቷ ሳይጠና በጄሶ እየታሰረ ይቃናል፣ ቶሎ ውሰዷት" ብላቸው ነበር። አባባ "እናያለን" አለ። እስካሁን እያየ ነው።

እራት ላይ ጠየቅሁት። "አባባ፣ የእኔን ለምን አላሳሰርከውም?" አልኩት። ማኘኩን ሳያቆም "ጫጩት ካልቆመች እህሉ ጋ አትደርስም፣ ትሞታለች። አንቺን እናትሽ ታጎርስሽ ነበር፤ መች ሞትሽ?" አለኝ። ተቆጥቶ እንዳይመስልህ። ነገሩ ግልጽ ሆኖ ስለታየው ነው። እማማ ሳህኗን አንስታ ወጣች። እኔ ሳቅሁ። ሳቄ አላቆም ብሎኝ ትን ሲለኝ "ውሃ ጠጪበት" አለኝ።

እንግዲህ አንተም በስልክ "አንቺ መቼም ቤት ነሽ፣ አባባንና ጫጩቶቹን አደራ" እያልክ ጆሮዬ ላይ መዝጋትህን ተው፤ ከዛሬ ጀምሮ ቤት የለሁም። ስፌት ያስተማረችኝ ልብስ ሰፊ ሌላ ከተማ ሰፋ ያለ ቤት ከፍታ ነይ ብላኛለች። የስፌት መኪናዎቹ በኤሌክትሪክ ስለሚሠሩ አንድ ደህና እግር ይበቃቸዋል። ማደሪያውም እዚያው ነው።

ዛሬ ጠዋት ልሄድ ነው ስለው አባባ ካርቶኑ ውስጥ እጁን ሰዶ አንዲት ጫጩት አወጣ። ጋሼ፣ እኔ ሞኟ ጠበቅሁ። "ቅሪ" ባይለኝ እንኳ "በሰላም ግቢ" ይለኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ።

"የዚችን እግር ማን ይፈታላታል?" አለኝ።

መጨረሻ ላይ የታሰረችው እሷ ብቻ ሳትፈታ ቀርታለች፤ ሦስተኛ ቀኗ ዛሬ ነው። "አንተ ፍታት፤ አንተ አይደለህ አባቷ?" አልኩትና መቀሴን ከክሬና ከመርፌዬ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። በቤቱ ያለው መቀስ እሱ ብቻ ነው። በዚያ እጁ ቢላ እንደማይደፍር አውቃለሁ። ጫጩቷ ምን አጠፋች ትለኝ ይሆናል። ምንም አላጠፋችም። እኔም አዋላጇ ስታየኝ ምንም አላጠፋሁም ነበር።

ለባለቤትህ የከበረ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የላከችልኝን ሹራብ ለብሼው ነው የምሄደው። ትልቁን ልጅህን ግንባሩን፣ ትንሿን ደግሞ ሁለቱንም እግሮቿን ሳምልኝ። እማማ ዓይንህን ሳላይ እንዳልሞት ትልሃለች፤ ስንቄን እየቋጠረች ታለቅሳለች። ጎረቤታችንም ሰላም በይልኝ ብለዋል። አባባ ሰላም በይልኝ አላለኝም። ይኸው ይህን ስጽፍልህ ጫጩቷን በመዳፉ አቅፎ፣ ከጓዳ ወደ ዕቃ ቤት እየተመላለሰ መቀስ ይፈልጋል። አሁን ክፍሌ በራፍ ላይ ደርሶ ቆሟል። "አይዞሽ የኔ እመቤት" ሲል ይሰማኛል። ለእኔ አይደለም።

እህትህ
ከዕቃ ቤቱ አጠገብ ካለችው ክፍሌ
ማክሰኞ ጠዋት፣ መኪና ሳይመጣ