ከሚስ ዶርሊን ወንበር ጀርባ ስለተሰቀለው ቁልፍ

ጁላይ 22፣ ዩማ፣ አሪዞና

ለተከበሩ ሚስተር ፕሩዊት
የቁልቋል ጥላ ተንቀሳቃሽ ቤቶች መንደር ሥራ አስኪያጅ

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም እንዴት ሰነበታችሁ? ቢሮዎስ እንደ ወትሮው ይቀዘቅዛል? ይቀዘቅዛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በዚህ መንደር ውስጥ ቢያንስ አንድ ክፍል ደህና መሆኑን ማወቅ ለሌሎቻችን መጽናኛ ነው።

ይህን ደብዳቤ ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ሰንብቻለሁ፤ እውነቱን ለመናገር አሁንም እፈራለሁ። ሰው ፊት ቆሜ መናገር አልችልም። ትምህርቴንም ከዘጠነኛ ክፍል ስላቋረጥኩ የተሳሳተ ቃል ቢያገኙ ይቅር ይበሉኝ። በልብስ ማጠቢያው ክፍል ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው እርስዎን ለማሳፈር ሳይሆን ሌሎቹም ተከራዮች አንብበው አብረውኝ እንዲያመሰግኑዎት ነው።

ያሬትዚ ቡስታማንቴ እባላለሁ፤ የ41 ቁጥር ቤት ልጅ ነኝ። እናትና አባቴ በየዓመቱ በዚህ ወቅት እንደሚያደርጉት የሰላጣውን ምርት ተከትለው ለለቀማ ወደ ሳሊናስ እርሻዎች ሄደዋል፤ መኪናውም አብሯቸው ሄዷል። እኔ መንደሩ ዶኛ ቼላ እያለ ከሚያከብራት ከአያቴ ጋር ቀርቻለሁ። አያቴ ልቧ ደካማ ነው፤ ሐኪሟ ከበሽታው ይልቅ ሙቀቱ እንደሚገድላት ደጋግሞ ነግሮኛል። የማስቸግርዎት ለዚህ ነው እንጂ ለራሴማ ቢሆን ዝም ባልኩ፤ ዝምታ እችላለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቀለሙ አመሰግናለሁ። የመንደሩ ባለቤቶች ለጉብኝት ሲመጡ ዓይናቸውን እንዳይጎረብጥ ብለው፣ ከየቤታችን ጀርባ ያለውን የአየር ማቀዝቀዣውን፣ የኤሲውን፣ ማብሪያ ሳጥን ሁሉ የአሸዋ ቀለም አስቀብተውልናል፤ በአሸዋ መካከል ለምንኖር ሰዎች ከዚህ የበለጠ ምን ሊታሰብልን ይችላል? ቀለም ቀቢው ኤሌክትሪክ እንዳይዘው ከሳጥኑ ውስጥ እንደ ሶኬት የሚሰካውን ማገናኛ ነቀለ፤ ቀባ፤ መልሶ ሰካና ሄደ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ኤሲያችን አልተነሳም። ግድግዳው ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ግን በባትሪ ስለሚሠራ የበረዶ ምልክቱን ብልጭ ድርግም ሲያደርግ ይውላል። እኔ በዕድሜዬ ያየሁት በረዶ እሱ ብቻ ነውና ስለ እሱም አመሰግናለሁ።

የጎረቤታችን የሽማግሌው የዶን ቻኖ ኤሲም በዚያው ቀን ጠፍቶ ነበር። እሳቸው አቧራውን ላራግፍ ብለው ማገናኛውን ነቅለው ሲመልሱት ሳያስቡት ተገልብጦ ገባ፤ ኤሲውም አጓርቶ ተነሳ። ለካ በአንድ በኩል ሲሰካ ይበራል፣ ሲገለበጥ ይጠፋል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚናገረው ጽሑፍ ደግሞ ከአሸዋው ቀለም ሥር ተቀብሯል። ዶን ቻኖ በዚያ ደካማ ጉልበታቸው እየሮጡ መጥተው «ልጄ፣ ተገላገልሽ! ገልብጠሽ ስኪው፣ በቃ!» አሉኝ። አብረን ወደ ጓሮ ስንዞር በእኛ ሳጥን ላይ አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል።

ስለዚህ ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ጓጉንቸሩ ነው። የመዳብ ሽቦ ሌቦች እንዳይደፍሩን ብለው ሳጥኖቹን ማስቆለፍዎን ሰምቻለሁ። ከእኛ በላይ ላሉት ቤቶች ሁሉ ደርሶ የመጨረሻው እኛ ላይ ተቆልፎ ማለቁ የእግዚአብሔር ሥራ ነው፤ ባያልቅ ኖሮ ዶን ቻኖም እንደ እኛ ይጠበቁ ነበር። ጓጉንቸሩን የሰበረ ተከራይ ቤቱን እንደሚለቅ በውላችን ላይ ተጽፏል። እናቴም ከሳሊናስ ደውላ «ልጄ፣ በእናትሽ እንዳትነኪው። ይህን ቤት ካጣን የት እንገባለን?» ብላኛለች። እዚያ ጉም ስላለ ጃኬት ለብሳ ነበር የምታወራኝ። እኔም አልነካሁትም።

ሦስተኛ፣ ባለሙያ ከመጠራቱ በፊት ተከራዩ ራሱ እንዲፈትሽ ስለላኩልን መመሪያ። ሁሉንም አድርጌአለሁ። የመቆጣጠሪያውን ባትሪ ቀይሬአለሁ፤ በረዶው ደመቀ እንጂ አልወረደም። የኤሌክትሪኩን ብሬከር አጥፍቼ አብርቻለሁ። ማጣሪያውን አጥቤአለሁ። መጋረጃ ዝጉ ስለሚል ዘግቼ በጨለማ ተቀምጠናል። ስልክ ስደውልም ጸሐፊዎ ሚስ ዶርሊን «አጥፍተሽ ለማብራት ሞክረሻል?» ብለው ጠየቁኝ፤ ማጥፋቱን እንኳ ኤሲው ራሱ ጥሩ አድርጎ ችሎበታል፣ የቀረን ማብራቱ ነው። ከቀዝቃዛው ቧንቧ የሚመጣው ውሃ ያቃጥላል። በማርያም ሥዕል ፊት የቆመው ሻማ ሳይበራ ጎብጦ መሬት ያያል። ባለፈው ዓመት ጣሪያችን ላይ የነበረውን በውሃ የሚሠራ አሮጌ ማቀዝቀዣ «መንደሩን የድሃ ሰፈር አስመሰለው» ብለው ባያስወርዱልን ኖሮ ይህን ሁሉ ሳንማር እንቀር ነበር።

አራተኛውን የምስጋና ምክንያት ቢሮዎ ውስጥ ነው ያገኘሁት። የፈተሽኩትን በቅጹ ላይ ሞልቼ ሳመጣ ሚስ ዶርሊን ሹራብ ደርበው፣ ከጠረጴዛቸው ሥር የእግር ማሞቂያ ለኩሰው ተቀምጠው ነበር። ከወንበራቸው ጀርባ ምስማር ላይ የጓጉንቸሮቹ ቁልፎች ተሰቅለዋል፤ 41 የሚለውን ከበሩ ሆኜ አነበብኩት። በጣቴ አመለከትኩ። ሚስ ዶርሊን ወደ እርስዎ ክፍል ሰረቅ አድርገው ተመልክተው «የኔ ቆንጆ፣ ብሰጥሽ ነገ እኔም ከአንቺ ጋር ፀሐይ ላይ ነኝ» አሉኝ። አልተቀየምኳቸውም። እርስዎ ከውስጥ ሆነው «ማን ነው?» አሉ።

«የ41ዷ ልጅ ናት።»

«ባለሙያው ተራቸው ሲደርስ ይመጣል በያት። ደግሞ እነሱ ሙቀት የለመዱ ሰዎች ናቸው።»

በሩን በቀስታ ዘግቼ ወጣሁ። ያሉትን ለአያቴ ስነግራት ሳቀች፤ ከሳቀች ሰንብታ ነበርና ስለዚህም አመሰግናለሁ። የተወለደችው በችዋዋ ተራሮች ላይ ነው፤ በታኅሣሥ በር የሚከፈተው በረዶው በአካፋ ተዝቆ ነው። «ሄደሽ ንገሪው፤ እኔ የለመድኩት በረዶ ነው በይው» አለችኝ። አልሄድኩም። እንደማልናገር ታውቃለች።

ሌላ ቦታ ለምን አልወሰድሻትም ይሉኝ ይሆናል። ከተማው ለሙቀት ጊዜ ወደከፈተው አዳራሽ እንሂድ ስላት «እሱ ቤት ለሌላቸው ነው፤ እኔ ኪራይ የተከፈለበት ቤት አለኝ፣ የሰው ወንበር አልሻማም» አለች። ዶን ቻኖም ከአጥሩ ማዶ በየቀኑ ይጣራሉ፤ ግን ሚስት የላቸውም፣ እሷም ባሏ ከሞተ ወዲህ የብቸኛ ወንድ ደጃፍ ረግጣ አታውቅም።

«ዶኛ ቼላ፣ ኧረ ይግቡ! በዚህ ዕድሜያችን ብንታማ እኮ ክብር ነው!»

«ክብሩ ለአንተ ነው፣ አንተ ሽማግሌ! ለእኔ ምኔ ነው?»

«እሺ፣ እኔ ውጭ ልቀመጥና እርስዎ ብቻዎን ይግቡ!»

«ሞተህ ልትቀርብኝ? ከዚያ ደግሞ ባል ገዳይ ይበሉኝ?»

እንዲህ ስትመልስ ደስ ይለኝ ነበር፤ የምትመልስ ከሆነ ደህና ናት እል ነበር። ትላንት ግን ሲጣሩ አልመለሰችም። እርጥብ አንሶላ አልብሻት አጠገቧ ተቀምጬ ሳለ በሟች እህቷ ስም ጠራችኝና «በሩን ዝጊው እንጂ፣ በረዶው እኮ እየገባ ነው» አለችኝ። ቆዳዋ ደረቅ ነበር፤ ላብ የሚባል የለውም። ተነስቼ የተዘጋውን በር እንደገና ዘጋሁት። ሌላ ምን ማድረግ እንደምችል አላወቅሁም። ማታ ውሃ በማንኪያ እያጠጣኋት ነፍሷ ተመለሰች፤ የኔን ስም ጠራች። የዛሬን አልፈናል። የአየር ትንበያው ነገም እንደዛሬው ይሞቃል ብሏል።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ፣ ከቀለምዎ ሥር ስላለው ነገር ስላስቸገርኩዎት፣ ጓጉንቸርዎንም ስላየሁት በትሕትና ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለእርስዎና ለባለቤቶቹ ረጅም ዕድሜና ቀዝቃዛ አየር እመኛለሁ።

የ41 ቁጥር ቤት ተከራይ፣ ከሌባ በሚገባ የተጠበቀችው
ያሬትዚ ቡስታማንቴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ነገ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ አያቴን ደግፌ ቢሮዎ እመጣለሁ። ሚስ ዶርሊን ስላሉ የብቸኛ ወንድ ቤት አይደለም፤ ኪራይ የምንከፍለውም እዚያው ስለሆነ የሰው ወንበር አንሻማም፤ ስለዚህ እሺ ብላኛለች። ምንም አልናገርም። ከቁልፉ ትይዩ ባሉት ሁለት ወንበሮች ላይ እንቀመጣለን፣ ቢሮው ሲዘጋ እንሄዳለን፣ በማግስቱም እንመጣለን። ቁልፉ ይሰጠናል ብዬ አይደለም፤ ያን ያህል ሰዓት ትተነፍሳለች ብዬ ነው። ቅዝቃዜው ይጎዳት ይሆን ብለው ግን እንዳይሳቀቁ፤ አያቴ በረዶ የለመደች ናት።