የጀልባዋን ብረት ማን ፋቀው?

ይድረስ ለልጄ። ጤናሽ እንዴት ነው? እኔና እናትሽ ደኅና ነን።

የሸራ ጀልባችን ሚዛን የሚጠብቅላት የሥር ብረት ስለዛገ መጋዘን አስገብቼ እየፋቅሁት ነው። ግን አንድ ሰው ይገባብኛል። ትናንት ከፊት በኩል ልጀምር ስል ተፍቆ፣ ቀለም ተቀብቶ አገኘሁት። አፋፋቁ እንደ እኔ የግራኝ ነው፤ ሥራውስ አይነቀፍም። ቁልፍ ቀየርኩ፤ ዛሬም ገብቷል።

እናትሽን ብጠይቃት፣ «አንተው ነህ እንጂ ሰውዬ! ስትቀባ ሻይ ያመጣሁት ታዲያ ለማን ነው?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ዞር ብላ ዓይኗን ጠረገች። የቀለሙ ሽታ ይሆናል።

ሐኪም ምናምን የምትይውን ተይኝ። ስትመጪ ግን በሩ ላይ ቆመሽ ስምሽን ጮክ ብለሽ ንገሪኝ። ያንን ሰው እየጠበቅሁ ስለሆነ እንዳልሳሳት ነው።

በደኅና ያገናኘን።

አባትሽ