የነዳጅ ቀጂዎቹ ስኳድሮን ሲዘጋ

ሰኞ፣ ኦገስት 5

ሙቀቱ አልቻል አለ። ሣሩን ሳላጭድ ዋልኩ። ጆይስ ሁለቴ በመስኮት አይታኝ ምንም አላለችም። ሚስቴ ዝም ስትል ነው የምፈራው።

ከሰዓት በኋላ ከአየር ኃይሉ ሰፈር ተደወለ። የድሮው ስኳድሮናችን አዛዥ፣ ኮሎኔል ፕሩይት ናት። በሚቀጥለው ወር ስኳድሮኑ ይዘጋል፣ ባንዲራው ይጠቀለላል። የዚያን ዕለት ታሪኩን የሚናገር ሽማግሌ ፈልጋለች።

"ሳጅን፣ ከእርስዎ የበለጠ ማን ያውቀዋል?"

የሚበልጡኝማ ሞተዋል...

እሺ አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ግን ለጆይስ አማረርኩ። ዕድሜ ልካችንን ሰማይ ላይ ነዳጅ ስንቀዳ ኖረን፣ እንደ ከሰረ ሱቅ ልንዘጋ?

ረቡዕ፣ ኦገስት 7

ንግግሬን ልጽፍ ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። ከየት ልጀምር? ሰው የሚያውቀው ተዋጊ ጀቱን ነው። ጀቱን ያጠጣውን ማን ያስታውሳል? እኛ የሰማይ ቦቴ ነበርን።

ከሦስት ሳምንት አንዱን ማኮብኮቢያው አጠገብ፣ ግማሹ መሬት ውስጥ የተቀበረ ቤት ገብተን ጦርነት ቢነሳ ወዲያው ለመብረር ደወል እንጠብቅ ነበር። ሦስት መኮንኖችና እኔ፣ ቀጂው። ሁልጊዜ እነዚያው አራት ሰዎች። ሽንት ቤት እንኳ ተነጋግረን ነበር የምንሄደው። እሑድ እሑድ ሚስቶቻችን ምግብ ቋጥረው ይመጣሉ። ልጄ አንድ ጊዜ፣ "አባዬ እስር ቤት ነው የሚሠራው" ብላ ለአስተማሪዋ ነግራ ጆይስ ተጠርታ ነበር። ይሄ ንግግሩ ውስጥ ይግባ።

ማሳረጊያው ግን የኮልቢ ታሪክ ነው። ሌላ ምን አለን? ቬትናም፣ የቨርን ኮልቢ ጀት ተመትቶ የነዳጅ ታንኩ ተበሳስቷል። አትሻገሩ የተባልነውን ድንበር ተሻግረን ደረስንለት። እኔ እንደ ወትሮዬ የአውሮፕላናችን ጅራት ጋ በሆዴ ተኝቼ፣ ፊቴን ወደ ኋላ አዙሬ ቧንቧውን ሰካሁለት። የምንቀዳለትን ያንጠባጥበዋል። ስለዚህ ሳንነቅል፣ እየጎተትን እስከ ማረፊያው ወሰድነው። መሀል ላይ በራዲዮ ምን አለኝ? "አደራ ቀጂው፣ ከጡት አትነጥለኝ፣ ገና ጥርስ አላወጣሁም!" እዚህ ላይ የማይስቅ የለም።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 10

ሃርላን ኦስትቪግ ጋ ደወልኩ። የዚያን ቀን አብራሪያችን ነው። እስከ ዛሬ "ሻምበል" ነው የምለው፣ አንቱታው ግን ድሮ ቀርቷል።

"ሻምበል፣ ባንዲራው ሲጠቀለል አትመጣም?"

"ማሽላዬን ማን ይሰብስብልኝ?"

"ማሽላው ገና አረንጓዴ ነው።"

"መጥተህ አየኸው?"

"የኮልቢን ታሪክ እናገራለሁ። አንተ ፊት ለፊት ተቀምጠህ..."

ዘጋው።

ድንበር በመሻገሩ ማዕረጉ እዚያው ቀረ። ሻምበል ሆኖ ሄደ፣ ሻምበል ሆኖ ወጣ። በየዓመቱ ስንሰባሰብ እኔ ያንን ታሪክ ስጀምር ተነስቶ ወደ ኮሪደር ይወጣል። ቅሬታ ነው እል ነበር። አንዳንዴም ትሕትና።

ዓርብ፣ ኦገስት 16

እርሻው ድረስ ነድቼ ሄድኩ። ሳላመጣው አልመለስም ብዬ። ጎመንና ሥጋ የተሞላ ዳቦ አሙቆ አቀረበልኝ። ከሲታ ሆኗል።

"ና በቃ፣ ይጨበጨብልህ። የነፈጉህን ይስጡህ" አልኩት።

"ማዕረግ መሰለህ የሚያመኝ?"

"ታዲያ ምንድነው?"

 ሰሃኑን ገፋ አድርጎ ነገረኝ...

የዚያን ቀን ሌላ ጀት ነበር። በሌላኛው ራዲዮ ነዳጅ አለቀብኝ እያለ ይጣራ ነበር። ቅርብ ያለው ኮልቢ ነው። ለሁለቱም የምንደርስበት ጊዜ አልነበረንም።

"'ይሄን አድርሼ እመለሳለሁ' አልኩት። 'እሺ፣ እጠብቃለሁ' አለኝ። አልተሳደበም፣ አልለመነም። እሺ ብቻ።"

"እኔ ምንም አልሰማሁም እኮ!"

"ያንን ራዲዮ ካንተ ጆሮ ላይ ዘጋሁት። እጅህ እንዳይንቀጠቀጥ።"

"ከዚያስ?"

"ስንመለስ የለም። አልተገኘም። ኮልቢ ስለ ጡትና ጥርስ ሲቀልድ በሌላው ጆሮዬ እሱ ነበር።"

 በሆዴ ተኝቼ ወደ ኋላ የማየው የማጠጣውን ብቻ ነው... ስንቱን ዓመት በዚያ ቀልድ አሳቅኩ? እሱ ኮሪደር ቆሞ!

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አንተ ትተኛለህ። ኮልቢም ይተኛል፣ ልጆችም ወልዷል። ሦስታችንም እንቅልፍ ብናጣ ለማን ይጠቅማል? አብረውን የነበሩት ሁለቱ መኮንኖች ያውቁ ነበር፣ እነሱም ሞቱ።"

እሑድ፣ ኦገስት 18

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። መዝሙሩን አልዘመርኩም።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 27

ኮልቢ ደወለ። ያ ሳቁ ከስልኩ አልፎ ወጥ ቤት ይሰማል። የልጅ ልጁን ልጅ ይዞ ሊመጣ ነው። "እንዴት እንደተረፍኩ ካንተ አፍ ትስማ!"

እውነቱን ልናገር? ያ ሲጠብቅ የቀረው ልጅ በታሪካችን ውስጥ ስም የለውም፣ በደል ነው። ግን ለኮልቢ በዚህ ዕድሜው፣ "አንተ የኖርከው ሌላው ስለጠበቀ ነው" ይባላል? በሕፃን ፊት? ታሪኩን ጭራሽ ብተወውስ? ኮልቢ ለምን ተውከው ብሎ ነፍሴን ያወጣታል።

ለጆይስ ነገርኳት። እጄን ይዛ ቁጭ አለች። "ውይ ሃርላን" አለች።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 14

ባንዲራው ተጠቀለለ። ኮሎኔሏ እንባዋን ልትደብቅ ሞክራ አቃታት።

ተናገርኩ። ስለ ደወሉ፣ ስለ እሑዱ ምሳ፣ ልጄ አባዬ እስር ቤት ነው የሚሠራው ስላለችው። ከዚያ የኮልቢን ታሪክ... እንደ ድሮው፣ ምንም ሳልቀንስ። ሕፃኗ ኮልቢ ጉልበት ላይ ተቀምጣ አፏን ከፍታ ታዳምጣለች። ቀልዱ ጋ ስደርስ ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። ሰው ናፍቆት መሰለው። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፣ ኮልቢ ከሁሉም በላይ።

ሃርላን አልመጣም። ቤት ሳልገባ፣ መኪና ውስጥ ሆኜ ደወልኩለት።

"ተናገርከው?"

"ተናገርኩት።"

"ሳቁ?"

"ሳቁ።"

"አንተስ?"

"ማይኩን ይዤ ቆሜ... የት ልውጣ?"

 ያን ቀን እርሻው ላይ ያልጠየቅኩትን ጠየቅኩት። የዚያ ልጅ ስም ማን ነበር?

አላሰበም። የሚጠይቀው ሰው ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ወዲያው ነገረኝ።

ዶን ሄስሊፕ። የነብራስካ ልጅ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር።