ስሙን ለአበባዋ አልሰጠሁም

ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም ኤርሜሊንዳ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ባለፈው ደብዳቤሽ ደረጃ መውጣት አቃተኝ ብለሽኝ ነበር፤ አሁንስ ቀለል አለሽ ወይ? ባልሽ ኦርላንዱ ሥራ ገባ ወይስ ሐኪሙ ገና ቤት አስቀምጦታል? ልጅሽ ፊሎሜናስ ከአራስ ቤት በደህና ወጣች? ሕፃኑ ይጠባል? በዚያ አገር በጋውም ብርድ ነው ትያለሽና እግራችሁን አሙቁ። እኛ ደህና ነን። ላሞቹ ደህና ናቸው፣ የባለቤቴ የአምብሮዚዩ ሳል ቀሎለታል፣ እኔም እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ከዚህ የበለጠ ደህንነት ግን አትጠይቂኝ።

መልሱን ያዘገየሁት ረስቼሽ አይደለም። እንደምታውቂው ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፣ ብዕር ከወተት ባልዲ ይልቅ ይከብደኛል። ይህንንም መጻፍ ከጀመርኩ አራተኛ ቀኔ ነው። ደግሞም ነገሩን ባሰብኩት ቁጥር ብዕሩን አስቀምጬ ወደ ላሞቹ እሄድ ነበር።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ አበባዋን ለዶክተሩ ስጪውና የቤላርሚኑ ስም መጽሐፍ ላይ ይግባ» ብለሽ ጻፍሽልኝ። የክርስትና እናቱ ነሽ፣ ስሙንም ያወጣሽለት አንቺ ነሽ፣ ይህን ማለትሽ አያስወቅስሽም። እዚያ ላሉት የሰበካችሁ ሰዎችም ሁሉ «በክርስትና ልጄ ስም አበባ ሊጠራ ነው» ብለሽ ተናግረሻል። ስለዚህ ያደረግሁትን ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእኔ ስሚው።

አበባዋን ታስታውሻታለሽ፤ እኛ የጉም ሻማ የምንላት፣ ሊቃውንቱ ኦርኪድ ከሚሉት ወገን ናት። ትንሿ በየግጦሹ ትበቅላለች፣ ላም ይረግጣታል። ትልቋ ግን ከሸንተረሩ ጫፍ ሌላ የትም የለችም። ሊቃውንቱ ሁለቱን አንድ ናቸው ብለው በአንድ ስም ጽፈዋቸው ኖሯል። የዕፅዋት ሊቁ ዶክተር ሎባቱ የመጣ ጊዜ ይህንኑ በመጠጥ ቤቱ ሲያስረዳ ቤላርሚኑ ሰምቶ፣ «ጌታው፣ ላምና ፍየል አንድ በረት ስላደሩ አንድ ናቸው ይሏቸዋል?» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ነው ሸንተረሩ ላይ ይዞት የወጣው። ትንሿ በግንቦት እንደምትፈካ፣ ትልቋ አንድ ወር ዘግይታ እንደምትከተል፣ የትንሿ ከንፈር ወደ ላይ እንደሚቆለመም፣ የትልቋ ግን ሰፍቶ ወደ ታች እንደሚንጠለጠል እየነካ ያሳየው ልጄ ነው። ዶክተሩ ይጽፍ ነበር። ሁለት በጋ እንዲህ አብረው ወጡ።

መውደቁን እንጂ እንዴት እንደወደቀ ያኔ አልጻፍኩልሽም። እጄ እምቢ አለኝ። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ጉም ሸንተረሩ ላይ ተኝቶ ነበር። ጉም ሲተኛ ላም እንኳ እዚያ ብትወልድ ማንም እንደማይወጣ አንቺም ታውቂያለሽ። ዶክተሩ ግን በምሥራቅ በኩል ካለው ገደል እርከን ላይ የፈካች አንዲት አበባ ከነሥሯ ካልተገኘች፣ ደርቃም ከወረቀት ጋር ካልተቀመጠች፣ አዲስ ስም ተቀባይነት የለውም፣ መርከቡም ነገ ጠዋት ይነሣል አለ። ቤላርሚኑ «ከነገ ወዲያ ጉሙ ይነሣል፣ ያኔ አወርድልዎታለሁ» ቢለው፣ «ያ ሁሉ ፉከራህ የት ሄደ? ወይስ የምትደፍረው ላም ብቻ ነው?» አለው፣ በሰው ፊት። ልጄ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር፣ እታለም። በሰው ፊት እንዲህ ተብሎ የሚቀመጥ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ የለም።

በሁለተኛው ቀን ጎረቤታችን ዜፈሪኑ ከገደሉ ሥር አገኘው። አበባዋ ሸሚዙ ሥር ነበረች፣ አይብ በምንቋጥርበት ጨርቅ ተጠቅልላ፣ ከነሥሯ፣ አንድ ቅጠል እንኳ ሳይሰበር። ዶክተሩ ያን ጊዜ የለም። ልጄ ሳይገኝ በጠዋቱ መርከብ ሄዷል። ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት «መርከብ ሰው አይጠብቅም» ብሎት ነው የወጣው። እኔም አበባዋን መጣል አልሆነልኝም። ለሠርጉ ባስቀመጥኩለት አንሶላ እጥፋት ውስጥ አስገብቼ አይብ የምንጫንበትን ድንጋይ ጫንኩባት። ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም። እንደ ነበረች ደረቀች።

እንግዲህ ዘንድሮ በሰኔ ዶክተሩ ተመልሶ መጣ። የአበባዋን ነገር ከቄሳችን ከአባ ሰምቶ በልጄ ስም ልጥራት ብሎ አስቀድሞ እንደጻፈልኝ ነግሬሽ ነበር፤ አሁን እሳቸውን አስከትሎ ወጥ ቤቴ ገባ። አበባ የምትሥልለት ኦቲሊያ የምትባል ልጅም አብራው ነበረች። እንግዳ ነውና ወንበር ሰጠሁት፣ አይብና የበቆሎ ዳቦ አቀረብኩለት፣ በላ። የልጄን ሞት «ያ አሳዛኝ አጋጣሚ» አለው። ቀጥሎም «ወይዘሮ ዴኦሊንዳ፣ የልጅዎ ስም በዓለም ሁሉ ይታወቃል» አለኝ። አባም ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። አልደብቅሽም፣ አንጀቴ ራራ፣ የአንቺም ቃል ትዝ አለኝና አንሶላውን አውጥቼ ገለጥኩለት። ፊቴን እንኳ ሳያይ እጁ አበባዋ ላይ ነበር። «ከነሥሯ! እንዴት ያለች ናት!» አለ። ገበያ ላይ ርካሽ ዕቃ ያገኘ ሰው ይመስል ነበር።

እኔም ጠየቅሁት፣ «እኛ አገር ስም የሚያወጣ የክርስትና አባት ነው። በየፋሲካው እንቁላል ያለበት ዳቦ ይልካል፣ ወላጅ ቢሞት ያሳድጋል። እርስዎ ስም ሲያወጡላት ለዚህች አበባ ምኗ ሊሆኑ ነው?» ሳቀና ወደ አባ ዞሮ «እንዴት ያሉ የዋህ ሴት ናቸው» አለ። አንቺ ባሕር ተሻግረሽ እንኳ ሃያ ሦስት ፋሲካ ሙሉ የልጄን ዳቦ ሳትልኪ ቀርተሽ አታውቂም።

ስሙ የተጻፈበትን አሳዩኝ አልኩ። በጽሕፈት መኪና የተመታ ወረቀት አወጣ። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ላይ የተጻፈው ስም የልጄ አይደለም። ኦቲሊያን ጠየቅኋት። «እማማ፣ አበባዋ የተሰየመችው የጉዞውን ወጪ በሸፈኑት ሰውዬ ሚስት ስም ነው» አለችኝ። «ልጄስ?» አልኳት። «ታች አለ» አለችኝ። ታች ከአበባዋ ስም ሥር ከእሷው ወገን የሆነች አንዲት ነጣ ያለች ቅርንጫፍ ዘር አለች ተብሎ ተጽፏል፣ እሷ ናት በልጄ ስም የተጠራችው። «በዓይንሽ አይተሻታል?» አልኳት። ዶክተሩ «ኦቲሊያ» አለ፣ ቆጣ ብሎ። ልጅቷ ግን «ያየ የለም፣ እማማ። እርስዎ እንዲስማሙ የተጨመረች ናት። ነገ ሌላ ሊቅ ሲመረምር ይሰርዛታል» አለች።

እታለም፣ የሌለች አበባ በልጄ ስም ሊጠሩ። ይህም ሳያንስ ከአበባዋ ጋር የሚቀመጠውን ትንሽ ወረቀት አየሁ። ቦታው በትክክል ተጽፏል። ቀኑ ልጄ የሞተበት ቀን ነው። ከሥሩ «የለቀመው፦ ዶክተር ሎባቱ» ይላል። ያን ቀን እሱ በእንግዳ ማረፊያው የተጠበሰ ዓሣ ሲበላ መንደሩ በሙሉ አይቶታል። የወተት ጋን ከፍተሽ አይጥ ሞታበት ስታገኚ የሚሰማሽን ታውቂዋለሽ፣ ልክ እንደዚያ ነው የሆንኩት። ያበላሁት አይብ እንኳ አስጠላኝ።

«የአሠራር ልማድ ነው፣ የሚጻፈው የጉዞው መሪ ነው» አለኝ። «ዶክተር፣ ያን ቀን ገደሉ ላይ የነበረው አንድ ሰው ነው። እርስዎ ከነበሩ ልጄ ለምን ብቻውን ወደቀ?» አልኩት። አባ ሳል ያዛቸው።

ምድጃው ይነድ ነበርና አበባዋን ላቃጥላት አሰብኩ። ግን ልጄ በሸሚዙ ያቀፋትን እኔ እሳት ውስጥ አልጨምርም። ስለዚህ ሁለት ነገር አልኩ። አንደኛ፣ የልጄን ስም ከዚያች ከሌለችው ቅርንጫፍ ላይ ይሰርዙ። «እንደ ፈቃድዎ» ብሎ ወዲያው ሰረዘው። እንዴት ቀለለው! ትንሽ እንኳ ቢያመነታ ይሻለኝ ነበር። ሁለተኛ፣ አበባዋ የምትወጣው እኔ ከምጽፈው ወረቀት ጋር ነው አልኩ። ኦቲሊያ ወረቀት ሰጠችኝ። ላሞቹ የመታለቢያ ሰዓታቸው አልፎ ይጮሁ ነበር፣ እኔ ግን ፊደሌን አልቸኮልኩበትም። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የለቀማት ላም ጠባቂው ቤላርሚኑ፣ የአምብሮዚዩና የዴኦሊንዳ ልጅ። በዚያው ቀን ሞተ። ጉም ተኝቶ ነበር። ብቻውን ነበር።» ከዚያ መርፌዬን አምጥቼ አበባዋ ከምትያያዝበት ሉህ ጋር አራቱንም ጥግ ሰፋሁት።

ዶክተሩ «ይህ ደንብ አይደለም» ቢል፣ ኦቲሊያ «ደንቡማ አንዴ ከሉሁ ጋር የተያያዘ ወረቀት አይነቀልም ነው፣ ዶክተር፤ እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ» አለችው። አበባዋን ከክብሩ ይልቅ ፈልጓት ኖሮ ዋጥ አድርጎ ይዟት ወጣ። ባለፈው ሳምንት ኦቲሊያ ጽፋልኝ ነበር፤ አበባዋ በዋናው ከተማ መሳቢያ ውስጥ ገብታለች፣ ወረቀቴም አብሯት አለ። የአበባዋ ስም ግን ያው የሴትዮዋ ነው።

ለስሙም በማዘጋጃ ቤቱ ግብዣ ተደርጎ ነበር። የሴትዮዋን ፎቶግራፍ ከነባርኔጣዋ ሰቅለው ጣፋጭ ወይን ጠጡ። እኔ አልሄድኩም። ዜፈሪኑ ሄዶ «ይህች ሴትዮ በዕድሜዋ ጭቃ ረግጣ ታውቃለች?» ብሎ ጠይቆ አስወጡት። ለእኔ ኬክ በሳህን ላኩልኝ፣ ለአሳማው ሰጠሁት። አሳማውም አጋመሰው እንጂ አልጨረሰውም።

ስለዚህ እታለም፣ ለሰበካችሁ ሰዎች አበባዋ በእሱ ስም አልተጠራችም በያቸው። አትፈሪ፣ አታፍሪም። ለዶክተሩም ልትጽፊ ያሰብሽውን የምስጋና ደብዳቤ ተይው።

አምብሮዚዩ እጅሽን ይስማል። ዜፈሪኑም ሰላም በሉልኝ ብሏል። ኦርላንዱን ወገብህን ጠብቅ በይልኝ። ፊሎሜናን ግንባሯን ሳሚልኝ፣ የጎመን ሾርባ ትጠጣ፣ ወተት ያመጣል። ሕፃኑን ደግሞ በቤላርሚኑ ስም ክርስትና ላስነሣው ወይ ብለሽ ከተወለደ ጀምሮ ስትጠይቂኝ ዝም ብዬሽ ነበር። አስነሺው። እሱ እጅ የሚጫንበት ራስ አለው፣ ውኃው ሲነካው ያለቅሳል፣ በስሙ ሲጠሩት ይዞራል። በየፋሲካው ዳቦውን የምጋግርለት እኔ ነኝ። ሲያድግ ስለ አጎቱ ሁሉንም ንገሪው፤ አበባ ሊለቅም ሄዶ ሞተ ብለሽ ግን አትጨርሺ፣ ማን እንደላከው ጨምሪበት።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ
ዴኦሊንዳ

ፋዣ ዳ ፌቴይራ፣ ሳን ዦርዥ ደሴት
ኦገስት 16 ቀን 1984