የማይሻገሩ ዓመታት

ሰኞ

አፌን ምን ያዘው? ከጠዋት ጀምሮ ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ፖላሪስ በሚባለው ሰፈር የማጸዳው ሕንፃ ዛሬ የጽዳቱን ኮንትራት ለሌላ ኩባንያ ሰጠ። ፎቁ ያው፣ ሽንት ቤቱ ያው፣ እኛም ያው። የተለወጠው ሸሚዛችን ላይ ያለው ስም ብቻ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ይህ ሦስተኛ ሸሚዜ ነው።

አዲሱ ማኔጀር ሰበሰበንና ከዛሬ ጀምሮ ሁላችሁም አዲስ ተቀጣሪ ናችሁ፣ ስድስት ወር ቬኬሽን የሚሉት የዕረፍት ፈቃድ የለም አለን። ቀጥሎ ደግሞ፣ ከድሮው ኩባንያ ያስፈቀዳችሁት ቬኬሽን ካለ ንገሩኝ፣ አከብራለሁ ብሎ በየፊታችን አየ።

ጭጭ። እኔ፣ አስፈቅጄ ቲኬት የቆረጥኩት ሴትዮ፣ ጭጭ! ገና ስሜን እንኳ ሳያውቅ "ልሂድ" ልበለው? ምን ይለኛል አልኩ። ሰውየው "ግሬት!" ብሎ ወጣ። ቬኬሽን የሚፈልግ የለም ብሎ ደስ ብሎት ነዋ።

ማክሰኞ

ልጻፈው እስቲ፣ ምናልባት ይቀለኝ ይሆናል።

የእማዬ የዳሌ አጥንት አልቋል። አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን የምትደረግበት ቀን ተይዟል። እህቴ ዘይነባ ከሜልበርን ትመጣና ኦፕራሲዮኑን ታስጨርሳለች፤ እሷ ስትመለስ እኔ እተካለሁ፣ እማዬ ብቻዋን መራመድ እስክትችል ድረስ። ከሁለታችን ሌላ ልጅ የላትም። እኔ ከቀረሁ ከአልጋ ደግፎ የሚያነሳት ሰው የለም። ሥራውን ጥዬ ብሄድ ደግሞ የቤት ኪራዩን ማን ይከፍለዋል?

ለልጄ ለሐናን ነገርኳት። "ማም፣ ጀስት ቴል ሂም" አለችኝ፣ ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል። ዝም ብለሽ ንገሪው ማለቷ ነው። ለእሷ ምን አለባት! እዚህ ተወልዳ፣ ክፍል ውስጥ እጇን ስታወጣ ያደገች ልጅ።

በምሳ ሰዓት ማኔጀሩ ቢሮ በር ድረስ ሄድኩ። ስልክ ላይ ነበር። ቀና ብሎ ሲያየኝ ጨርቄን አውጥቼ የበሩን እጀታ መወልወል ጀመርኩ። ወላሂ! ጠዋት የወለወልኩትን እጀታ። አውራ ጣቱን አሳየኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ

ዘይነባ ኮል አደረገችኝ። እሷም እንደ እኔ ጽዳት ነው የምትሠራው፤ እሷም ሦስት ኩባንያ ተፈራርቆባታል። ግን ፈቃዷን በእጇ ይዛለች።

"አንቺ እንዴት ሆነልሽ?" አልኳት።

"እታለም፣ እዚህ እኮ ዓመቱ የሠራተኛው ነው። ቀጣሪዎቹ በሙሉ ለአንድ የጋራ ቋት ይከፍላሉ። ቋቱ ደግሞ የሠራሽውን ይመዘግባል። ኩባንያ ብትቀይሪም፣ ኮንትራቱ ቢቀየርም፣ ከዘርፉ እስካልወጣሽ ድረስ መቁጠሩን ይቀጥላል። ሰባት ዓመት ሲሞላሽ ረጅም ፈቃድሽን ከነክፍያው ትወስጃለሽ።"

"የመጨረሻው ኩባንያ ብቻውን አይከፍልም ማለት ነው?"

"አይከፍልም። ሁሉም በየድርሻው ሲያዋጣ የቆየ ነው። ያንቺስ የት ነው የተመዘገበው?"

"ጉልበቴ ላይ" አልኳት።

ሳቀች፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። አንጀቴ አረረ። አንድ እናት የወለደችን፣ አንድ ዓይነት መጥረጊያ የያዝን እህትማማቾች! የእሷ ዓመት አብሯት ይሄዳል፤ የእኔ ከሸሚዙ ጋር ወልቆ ቀረ። ለድሮው ኩባንያ ደውዬ ነበር፤ ያልወሰድሽው ቬኬሽን ኮንትራቱ ሲያልቅ አብሮ ያበቃል አሉኝ።

ሐሙስ

የነገው ሚቲንግ ላይ የስድስት ወሩ የሥራ ፕሮግራም ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ ምንም አይለወጥም ተባለ። 

ምክር ፈልጌ ጋሽ ታደሰን አማከርኩ። በዲቪ የመጡ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ታችኛውን ፎቅ የሚያጸዱት እሳቸው ናቸው።

"ተይ ልጄ፣ አዲስ አለቃ ዓይን ውስጥ አትግቢ። ዝም አይነቅዝም" አሉኝ።

"የእኔው ነቀዘ እኮ፣ ጋሼ!"

 ቫኪዩሙን አጠፉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እኔስ ብትዪ፣ የልጄ ሠርግ ዴንቨር ነው። ከድሮው ኩባንያ አስፈቅጄ ነበር" አሉኝ።

"ታዲያ ሰኞ ለምን አልተናገሩም?"

"አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ስጠብቅ።"

ያረቢ! ልቆጣቸው አልችል፣ ታላቄ ናቸው። መጥረጊያዬን አንስቼ ሄድኩ።

አርብ

እጄን አወጣሁ!

እንዲህ ነው የሆነው። ማኔጀሩ ፕሮግራሙን ሊለጥፍ ሲል ጥያቄ አለ ወይ አለ።  ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ሲያስጠጋው ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና ተነሳሁ። እንግሊዝኛዬ ተደነቃቀፈ። እናቴ፣ ኦፕራሲዮን፣ የተፈቀደልኝ ቬኬሽን። የድሮው ኩባንያ የፈቀደበትን ኢሜይል ከስልኬ አሳየሁት።

"ሰኞ ጠይቄ ነበር። ማንም አልተናገረም" አለኝ።

"የመጀመሪያ ቀንህን ማበላሸት አልፈለግኩም" አልኩት። እውነቱ እሱ ነው፣ ሌላ ምን ልበል?

ግራ ገብቶት አየኝ። ከኋላዬ ወንበር ተንቋቋ፤ ጋሽ ታደሰ ተነስተዋል። "አይ ኦልሶ፣ ሰር" አሉ፣ እኔም አለኝ ለማለት። ከዚያ አብራን የምታጸዳ አንዲት ኔፓላዊት ተነሳች። ማኔጀሩ ወረቀቱን አጠፈው። ሌላ ሰው አለ ወይ ብሎ እያንዳንዳችንን በስም ጠየቀ፤ ፕሮግራሙን እንደገና እሠራዋለሁ አለ።

እኔን ለብቻዬ አናገረኝ። እንድሄድ ፈቀደልኝ፣ ያለ ክፍያ። ስመለስ ቦታዬ ይጠብቀኛል።

"አሥራ አንዱ ዓመቴስ?"

"እኔ ዘንድ የተቀጠርሽው ሰኞ ነው" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲናገር ዓይኑን ሰበረ። በሚነርቫ ፓርክ በኩል እየነዳሁ ቤቴ እስክደርስ ግን ስሳደብ ነበር፤ ማንን እንደሆነ እንጃ።

ቅዳሜ

ለእማዬ ደወልኩ።

"እመጣለሁ፣ ፈቀዱልኝ።"

እልል አለች። አዲስ ኩባንያ እንደገባሁ ዘይነባ ነግራታለች። "ሰኞ ገብተሽ አርብ ፈቀዱልሽ?"

"አዎ፣ እማዬ።"

"እንዴት ያሉ ደጋግ ናቸው! ሥራሽን እንኳ ገና ሳያዩ እንዲህ ካደረጉልሽ፣ ዓመታት ስታገለግያቸውማ ምን ሊያደርጉልሽ ነው! አላህ ይጨምርላቸው።"

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ደስታዋን ሰማሁና ተውኩት።

"አሚን" አልኳት።